የማዞሪያዎች ከተማ

የአክስቴ ልጅ ከጎንደር ሲመጣ ያረፈው እኛ ቤት፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ቡና እስክታፈላ ሁለታችን በረንዳው ላይ ቆመን ወደ ከተማው አቅጣጫ እናያለን። ከፊታችን በቁጥራቸው ካልሆነ እርስ በርስ የማይለዩ ብሎኮች አሉ፤ ከእነሱ ወዲያ በባሕር ዛፍ አጣና ተከበው ገና የሚሠሩ ሕንፃዎች፣ የየካ ተራራም ይታያል። የማለዳው ጭስ በሁሉም ላይ ስስ ነጠላ መስሎ ተዘርግቷል። እንግዳዬ ዝም ብሎ ቆየና፣ "እዚህ አገር ሁሉም ነገር ወይ አሁን የተሠራ ነው፣ ወይ ሊፈርስ ነው። አንድ ሰው ቆሞ 'ይህ የአያቶቼ ነው' የሚለው ነገር የታለ?" አለኝ።

አነጋገሩ ክፋት አልነበረበትም። ፋሲል ግንብ አጠገብ ተወልዶ ያደገ ሰው ነውና ከተማ ሲባል በዓይነ ሕሊናው የሚመጣበት ድንጋይ ነው። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከቆረቆሩ ወዲህ ስንቱ ትውልድ በዚያ ቅጥር ሥር አልፏል። አክሱም ሐውልቱ አለው፣ ሐረር ጀጎሉ አለው። አዲስ አበባ ግን ለእንግዳ ዓይን የምታቀርበው ሲሚንቶና ቆርቆሮ ነው። ይህን ወቀሳ ከእሱ በፊትም ሰምቼዋለሁ፤ ከውጭ አገር ሰዎች፣ ከክፍለ ሀገር ከሚመጡ ዘመዶች፣ ይበልጡን ደግሞ ከራሳችን ከከተማዋ ልጆች። "ያለ ፕላን ያደገች ትልቅ መንደር" ይሏታል። "መልክ የላትም" ይሏታል። ሁልጊዜ ያናድደኛል፤ ይሁንና ለምን እንደሚያናድደኝ እስከዚያን ቀን ድረስ በቅጡ አስረድቼ አላውቅም ነበር።

መልሱን የጀመረችው እናቴ ናት። ከጓዳ ሆና ስትሰማ ኖሮ ጀበናዋን እንደያዘች ብቅ አለችና፣ "ሃያ ሁለት ውሰደው፤ ከተማው የሚያልቅበትን ይየው" አለችኝ።

"ሃያ ሁለት መሀል ከተማ አይደለም እንዴ አክስቴ?" አላት እሱ።

"አሁን ነዋ! እኔ ስመጣ አውቶቡሱ እዚያ ደርሶ ነበር የሚመለሰው። ከዚያ ወዲያ ጅብ ነው።"

ሃያ ሁለት ማዞሪያ የሚለው ስም የመጣው ከአንበሳ አውቶቡስ ነው። የ22 ቁጥር አውቶቡስ መንገዱን ጨርሶ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ወደ መሀል ከተማ የሚመለስባት ቦታ ነበረች። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አለ። ወደ ምዕራብ ከተሄደ ሦስት ቁጥር ማዞሪያ አለ። ማዞሪያ ማለት ከተማው "እስከዚህ ድረስ ነኝ" ብሎ የቆመበት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው እርሻ፣ ግጦሽ፣ ወንዝና የእግር መንገድ ነበር። ዛሬ ሃያ ሁለት ላይ ቆሞ ዳር ለመፈለግ የሚሞክር ሰው የሚያየው ሆቴል፣ ባንክና የገበያ ማዕከል ብቻ ነው። ስሙ ግን እዚያው አለ። ወንዝ አቅጣጫውን ሲቀይር ጠጠሩን በቀድሞው መንገዱ ላይ ጥሎ ይሄዳል። አዲስ አበባም ዳሯ ወደፊት በተጓዘ ቁጥር ስሙን እየጣለች ሄዳለች።

ሌሎቹንም ስሞች እንዲሁ አድርጎ ማንበብ ይቻላል። አሮጌ ቄራ የሚባል ሰፈር መኖሩ ቄራው አንድ ጊዜ ተነሥቶ ወደ ዳር መወሰዱን ይነግረናል፤ ዛሬ ቄራ የምንለው ደግሞ እንደገና መሀል ሆኗል። ሳር ቤት አሁን አንድም የሳር ክዳን የለም። አዲሱ ገበያ አዲስ ከተባለ ስንት ዘመኑ። ጉርድ ሾላ የቆመች አንዲት የተቆረጠች ሾላ ነበረች፤ ሰው ሁሉ እሷን ምልክት አድርጎ ይቀጣጠርባት ስለነበር ሰፈሩ በስሟ ቀረ። የአክስቴ ልጅ ግንብ ይፈልጋል፤ እኔ የማሳየው ስም ነው። ይህንንም ሳፍር አይደለም የምለው። ስም ከግንብ ይልቅ ለመፍረስ የሚያስቸግር ነገር መሆኑን እኛ የካዛንቺስ ልጆች በቅርቡ በዓይናችን አይተናል።

ያደግሁት ካዛንቺስ በአንድ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ እዚያ የገባችው በ1960ዎቹ ከጎንደር ገጠር መጥታ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን ተከራይታው የነበረው ክፍል የቀበሌ ሆነ፤ እኛም ተወልደን ያደግነው በእሱው ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ጣልያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች የመጣ ነው፤ "ካዛ" በጣልያንኛ ቤት ነው፣ "ኢንቺስ" ደግሞ ቤቶቹን ያሠራው ድርጅት ምሕጻረ ቃል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት ጣልያን ነጭና ሐበሻን በየፊናው የሚያኖር ከተማ ሊሠራ አቅዶ ነበር። ጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረውን የአራዳ ገበያ ነቅሎ ወደ ምዕራብ የወሰደው በዚህ ምክንያት ነው፤ መርካቶ የተወለደችውም እንደዚያ ነው። ሰውን ከመሀል ወደ ዳር ገፋ፤ ዳሩ ግን የአገሪቱ ትልቁ ገበያ ሆነ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በዚህች ከተማ ሕዝብ ላይ የፈጸመውን ጭፍጨፋ ስድስት ኪሎ ያለው ሐውልት ይናገራል። ቃላቱ ግን በእጃችን ቀሩና የእኛ ሆኑ። ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ካዛንቺስ ሲባል የሮም ነገር ትዝ የሚለው የአዲስ አበባ ሰው የለም።

ወደ መጀመሪያው ልመለስ፤ ምክንያቱም አለመግባባቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። "ከተማ" የሚለውን ቃል ብቻ እንየው። ንጉሡ ከተመ ሲባል ድንኳኑን ተክሎ ተቀመጠ ማለት ነው። "ሰፈር"ም ከመስፈር የመጣ ነው፤ ጦር ሰፈረ እንደሚባለው። ጎንደርን ከመሰሉ ጥቂቶች በቀር የኢትዮጵያ ነገሥታት መናገሻ ለብዙ ዘመን እንዲህ ሲኖር የነበረ ነው፤ እንጨቱ ሲመናመን፣ ግጦሹ ሲያልቅ፣ ወይም ጦርነት ሲጠራ ድንኳኑ ይነቀልና ከተማው በበቅሎ ላይ ይጫናል። ምኒልክም የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከአንኮበር ተነሥተው፣ ወጨጫን ይዘው፣ በመጨረሻ እንጦጦ አናት ላይ ከተሙ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ነው። ለጦር ይመቻል፤ ጠላት ከሩቅ ይታያል። ለኑሮ ግን ነፋሱ አጥንት ይሰብራል፣ ውሃውም በሸክም ነው። እቴጌ ጣይቱ ከታች ፍል ውሃው ያለበትን ሜዳ ወደዱና በ1879 ዓ.ም. ቤት አሠሩበት፤ አዲስ አበባም ብለው ሰየሙት።

ልብ ብለን ያላየነው ነገር እዚህ ላይ አለ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ነው። ጣይቱ "አዲስ አበባ" ካሉ ከሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዘውዱ የተጫነው ተራራው ላይ ነበር፤ አዲስ አበባ ያን ጊዜ የመናገሻው ዳር፣ ሰው ለመታጠብ የሚወርድባት ቆላ ነበረች። ይህች ከተማ ስትወለድ ራሷ የሌላ ከተማ ዳርቻ ነበረች።

ከዚያ መኳንንቱ ወረዱ። እያንዳንዱ ሹም በተሰጠው ኮረብታ ላይ አጥሩን አጠረ፤ ጭፍራው፣ አሽከሩ፣ ጠጅ ጣዩ፣ ባልደራሱ በዙሪያው ጎጆ ቀለሰ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር የሚባሉት ከዚህ የመጡ ናቸው። በአንዱ ሰፈርና በሌላው መካከል ወንዝና ሜዳ ነበር። በዚያን ዘመን የመጡ ፈረንጆች ይህን አይተው "የተበታተነ መንደር" ብለው ጻፉ፤ ቅጥርና ቀጥ ያለ ጎዳና ሲፈልጉ ነው ያመለጣቸው። ያዩት የጦር ሰፈር ነበር፤ እያንዳንዱ ድንኳን ቦታውን የሚያውቅበት፣ ማን በቀኝ ማን በግራ እንደሚሰፍር ጥንት የተደነገገበት። የዚያ አሰፋፈር አንድ ጠባይ እስከ እኛ ዘመን ደርሷል፤ ሀብታሙና ድኻው አጥር ለአጥር ይኖሩ ነበር። እኛ ካዛንቺስ ሳለን በላይ በኩል ያለው ጎረቤታችን ባለ ቪላ ዳኛ ነበሩ፤ በታች በኩል ያሉት እንጀራ ሻጭ። በሠርግም በለቅሶም ሁለቱም በአንድ ድንኳን ይቀመጡ ነበር።

የጦር ሰፈር ግን ማገዶ ይበላል። አሥር ዓመት ያህል እንደቆየች አዲስ አበባ ዙሪያዋን ጨርሳ ነበር። እንጨት ፍለጋ ቀን ሙሉ የሚያስኬድ ሆነ። ምኒልክ እንደ ልማዱ ለመነሣት ቆረጡ፤ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ወደ ምዕራብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ ዓለም ላይ አዲስ መናገሻ ማሠራት ተጀመረ። ያ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለ አዲስ አበባ የምንናገረው ስለ ወጨጫ በምንናገርበት መጠን ብቻ ነበር። ከተማዋን ያተረፋት ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባሕር ማዶ የመጣ ችግኝ ነው። ባሕር ዛፍ ይባላል፤ ስሙ ራሱ ከየት እንደመጣ ይናገራል። በጥቂት ዓመት ቁመቱ ጣሪያ ያልፋል፣ ቢቆርጡት ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ምኒልክ ቆዩ። አዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሥራ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ድንኳን ነቅሎ የመሄድ የብዙ ዘመን ልማድ እዚህ ላይ ያበቃው በአንድ ዛፍ ምክንያት ነው፤ ያ ዛፍ ደግሞ የተተከለው በከተማዋ ዳር ላይ፣ በእንጦጦና በየካ ገደል ነው።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ በአንድ ጠዋት አልነገርሁትም። የነገርሁት ስንወጣ ነው። እሑድ ከኮተቤ በላይ ባለው መንገድ ወደ የካ ተራራ ይዤው ወጣሁ። ከባሕር ዛፉ መሀል የሚወርዱ ሴቶች በመስመር ይመጡ ነበር። ጀርባቸው ላይ ያለው የቅጠልና የጭራሮ ሸክም ከቁመታቸው ስለሚረዝም ሰው የሚመጣ ሳይሆን ዛፉ ራሱ የሚራመድ ይመስላል። አንዲት እናት መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ጋር ሸክሟን አስደግፋ፣ ሳታወርደው፣ ቆማ አረፈች። ገመዱ ደረቷ ላይ ሁለት ቦታ ቀሚሷን በልቶታል፤ እዚያ ላይ ከጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ትራስ ሰፍታበታለች። "ላግዝዎት?" ብላት "አውርጄው ከሆነ ማን ያነሣልኛል ልጄ፤ እንዲሁ ይሻለኛል" አለችኝ። ኩባያ ውሃ ሰጠናት። ጠጥታ፣ አመስግና፣ ወገቧን አንድ ጊዜ አጠፍ ዘርጋ አድርጋ ሄደች። ከመቶ ዓመት በላይ አዲስ አበባ እንጀራዋን የጋገረችው በእነዚህ ሴቶች ጀርባ ነው። በየትኛውም አደባባይ ሐውልት የላቸውም፤ ሊኖራቸው ይገባል እላለሁ።

ከላይ ዋሻ ሚካኤል አለ። ከአንድ ድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ መቅደስ ነው፤ የላሊበላን ያየ ሰው አሠራሩን ወዲያው ያውቀዋል። ጣሪያው ተጎድቷል፣ ዓምዶቹ ሳር አብቅለዋል፣ ግድግዳው ላይ የመፈልፈያው ምልክት እንደ ጣት አሻራ ይነበባል። ትውፊቱ እስከ አብርሃና አጽብሃ ያደርሰዋል፤ አጥኚዎች ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል። በየትኛውም ብንወስደው ከፋሲል ግንብ ይቀድማል። የአክስቴ ልጅ ጫማውን አውልቆ ገባ። እጁን ዓምዱ ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየ። ሲወጣ "ይህ እዚህ እያለ ለምንድን ነው ማንም የማያወራው?" አለ። እኔም ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለኝም። አዲስ አበባን ጥንታዊ ነገር የላትም የምንላት መሀሏን ብቻ ስለምናይ ነው። ዳሯ ላይ ያለውን የእሷ ነው ብለን ቆጥረን አናውቅም።

ዳሩ ላይ ያለው ሁሉ ግን የሚያኮራ ብቻ አይደለም። ይህን ያወቅሁት ብሎካችንን ሌሊት ከሚጠብቁት አባባ ነው። የዚያኑ ዕለት ማታ ከእሳታቸው ዳር ተቀምጠን የአክስቴ ልጅ የዚህን አገር ስም ሲጠይቃቸው በጣታቸው ሦስተኛውን ብሎክ አሳዩትና፣ "እዚያ አውድማዬ ነበር" አሉት። አሁን የመኪና ማቆሚያ በሆነው ላይ ጤፍ ይወቃ ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ ነፋሱ ከየካ በኩል ሲመጣ እህሉን ወደ ላይ በትነው ገለባውን ለነፋሱ ይሰጡት እንደነበር በእጃቸው እያሳዩ ነገሩን። ለመሬቱ የተሰጣቸው ካሳ ለልጆች ተከፋፍሎ፣ ቤት ተሠርቶበት፣ ብዙ ሳይቆይ አለቀ። በገዛ መሬታቸው ላይ በተሠራ ሕንፃ በር ላይ ዛሬ በደመወዝ ዘበኛ ናቸው። ሲናገሩት ድምፃቸው ከፍ አላለም። ለእኛ የወጣው ዕጣ የእሳቸው ማሳ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ በዚያ በር ስገባ ሰላምታዬ ረዘም ይላል፤ ከዚያ በላይ ምን እንደማደርግ ባላውቅም፣ ሳላውቅ ከማልፍ ይሻለኛል።

አባባ የወንዙንና የኮረብታውን ስም ሁሉ ያውቃሉ። ጣይቱ አዲስ አበባ ብለው ከመሰየማቸው በፊት ፍል ውሃው ፊንፊኔ ነበር፤ ዛሬም በኦሮምኛ ከተማዋ ፊንፊኔ ናት። ጉለሌ፣ የካ፣ ገላን የምንላቸው ሰፈሮች በዚህ ምድር ላይ የኖሩ የኦሮሞ ጎሳዎች ስም ናቸው። ቱሉ ኮረብታ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ቀይ ኮረብታ። ለገ ወንዝ ነው፤ ለገዳዲም ለገጣፎም ከዚያ ናቸው። የአክስቴ ልጅ ታዲያ ወዲያው "ለገሐርስ የምን ወንዝ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ለገሐር ወንዝ አይደለም። በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ ሲደርስ ፈረንሳዮቹ ጣቢያቸውን በቋንቋቸው "ላ ጋር" አሉት፤ የእኛ ሰው ለምላሱ አመቻችቶ ለገሐር አደረገው። አንድ አውቶቡስ ላይ ተሳፍሮ ከለገዳዲ ለገሐር የሚሄድ ሰው ከኦሮምኛ ወንዝ ተነሥቶ በአማርኛ እየተጨዋወተ ፈረንሳይኛ ጣቢያ ይወርዳል። ለእኔ የዚህች ከተማ መልኳ ይህ ነው። መልክ የላትም የሚሉ ሰዎች አንድ መልክ ስለሚፈልጉ ይመስለኛል የማያገኙት።

ከተማዋ ወደ ዳር የምትልከው ሰው ብቻ አይደለም። ዓይኗ ማየት የማይፈልገውንም ትልካለች። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል የተሠራው በወቅቱ ከከተማው ውጭ በነበረው ዘነበወርቅ ነው፤ ከተማው ተከትሏቸው ሄደና ዛሬ ሰፈሩ መሀል ሊባል የደረሰ ነው። ቆሻሻውንም በዚያው አቅጣጫ ከ50 ዓመት በላይ አንድ ቦታ ስትጥል ኖረች፤ ቆሼ ተባለ። ሰዉ ቦታ ሲያጣ ወደ ክምሩ ሥር ተጠጋ፤ ከእሱም ኑሮውን ለቀመ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በዚያ ሳምንት ከተማው በሙሉ ጥቁር ለብሶ አልቅሷል፤ ለቅሶው እውነተኛ ነበር። ግን ዳር የምንለውን እንደ ሌላ አገር ማየታችን ከዚያ በኋላም ብዙ አልተለወጠም።

ውሃውን እንኳ እንውሰድ። አዲስ አበባ የምትጠጣው ከዳሯ ነው፤ በምዕራብ ከገፈርሳ፣ በምሥራቅ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከተሠራው ከለገዳዲ ግድብ፣ በደቡብ ከአቃቂ ጉድጓዶች። እኛ ከለገዳዲ ብዙም አንርቅም። ሆኖም ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ግፊቱ ሲደክም ፈረቃውም አይደርሰንም። እናቴ ሌሊት በስምንት ሰዓት ቧንቧው ውስጥ አየሩ ሲያፏጭ ትሰማና ትነሣለች። ቢጫ ጀሪካኖቿን በመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ በቁመታቸው ደርድራቸዋለች፤ መጀመሪያ የመጠጡን፣ ቀጥሎ የወጡን፣ በመጨረሻ የልብሱን ትሞላለች። ቅደም ተከተሉ ተዛብቶ አያውቅም።

እዚህ ስንመጣ ያለቀሰችው ስለ ውሃ አልነበረም። የኮንዶሚኒየም ሥራ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር የተመዘገበችው ለእኛ ብላ ነበር። ከዓመታት በኋላ ዕጣው ሲወጣላት እልልታዋ ካዛንቺስን ሞላው፤ ቁልፉን ስትቀበል ግን ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነበር። "እድሬስ?" አለች። የአርባ ዓመት እድሯ ካዛንቺስ ቀረ። እዚህ የመጡት ሰዎች ከፒያሳ፣ ከልደታ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከአቃቂ ናቸው፤ ዕጣ እንደ በተነው እህል አንድ ላይ ያረፉ። በመጀመሪያው ዓመት ማንም የማንንም ስም አያውቅም ነበር።

ከዚያ በብሎካችን የመጀመሪያው ሞት መጣ። አምስተኛ ፎቅ የነበሩ አዛውንት ሌሊት አረፉ። ጠዋት ሳጥኑ ሲመጣ ደረጃው ጠበበ። እረፍቱ ላይ ሲደርስ በአግድም አይዞርም፤ ማዘንበል የግድ ነበር። ስማቸውን ከማላውቃቸው አራት ወንዶች ጋር ትከሻዬን ሰጥቼ፣ አንዱ ከታች "ቀስ፣ ቀስ፣ ወደ ግድግዳው" እያለ፣ የሳጥኑን ጠርዝ በእጃችን መዳፍ ከግድግዳው እየከለልን አወረድናቸው። በአራተኛው ፎቅ እረፍት ላይ እጄ በሳጥኑና በግድግዳው መካከል ተይዞ ተላጠ። ያ "ቀስ" ሲል የነበረው ሰውዬ ነጠላውን ቀዶ አሠረልኝ። ከቀብር መልስ ድንኳን አልነበረንም፤ ወንበር አልነበረንም፤ ሴቶቹ በጋራ መጠቀሚያው ቤት በየቤታቸው ከነበረው ጎመንና ሽሮ ሠርተው አቀረቡ። ማታ እናቴ ደብተር አወጣች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጻፉት አሥራ ሰባት ስሞች ናቸው። ዛሬ እድራችን ሁለት ድንኳን፣ ሁለት መቶ ወንበር፣ ሦስት ትልልቅ ድስት አለው። አባባም አባል ናቸው። ነጠላውን የቀደደልኝ ሰውዬ ሊቀመንበር ነው።

ጎንደሬው ዘመዴ ይህን ስነግረው "ሰው እንዴት በየጊዜው ከዜሮ ይጀምራል?" አለ። አዲስ አበባ ግን ከዜሮ ጀምራ አታውቅም። ሰው ሲነሣ ሰፈሩን ይዞ ይነሣል። የእድሩ መተዳደሪያ፣ የማኅበሩ ተራ፣ የቡናው ሰዓት፣ "ቤቶች!" ብሎ ሳያንኳኩ መግባት በዕቃው መኪና ላይ ተጭነው ይመጣሉ። የጦር ሰፈር ልማድ ነው፤ ድንኳኑ ቢነቀልም አሰፋፈሩ ይታወቃል። የምፈራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዕጣ ቢያንስ መምህሩንና ጫኝ አውራጁን በአንድ ደረጃ አገናኝቷል። አሁን አሁን መሀሉ ለባለጸጋ ብቻ፣ ዳሩ ለተነሺው ብቻ እየሆነ ሲሄድ አያለሁ። ሁለቱም የየራሳቸው አጥርና በር አላቸው። ያደግንበት የካዛንቺስ ቤት ባለፈው ዓመት ሲፈርስ እናቴ ልታየው አልፈቀደችም፤ እኔ ሄጄ አየሁት። የግቢያችን ኮክ ዛፍ ብቻ ቆማ ነበር። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ያምራል፣ ይህን አልክድም። ዳኛውና እንጀራ ሻጯ አንድ ድንኳን ውስጥ የሚቀመጡበት ቦታ ግን በአዲሱ አሠራር የት እንደሚሆን ማንም ሲናገር አልሰማሁም።

የአክስቴ ልጅ የሄደ ቀን ወደ አውቶቡስ ተራ ልሸኘው ማለዳ ወጣን። ገና ሳይነጋ ሰልፉ ብሎኩን ዞሮ ነበር፤ ተማሪዎች፣ የቀን ሠራተኞች፣ ጋቢ የተከናነቡ እናቶች፣ ሁሉም ወደ መገናኛ። እኛ ስንመጣ አውቶቡሱ እኛ በር ላይ ደርሶ ነበር የሚዞረው፤ ልጆች ሲያዞር ለማየት ይሰበሰቡ ነበር። በዚያን ቀን ግን ሰው የጫነ አንድ አውቶቡስ ከመሀል ከተማ መጣና ሳይዞር አለፈን። ከመጨረሻው ብሎክ ወዲያ ባለው አዲስ የጠጠር መንገድ ላይ፣ አቧራውን ከኋላው እያስነሣ፣ ገና እህል ባለበት ማሳ መካከል ወረደ።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በዓይኗ ተከተለችው።

"እዚያ ደግሞ ማን ገባ?" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "እድር ይኖራቸው ይሆን?"